ነፍስ ማወቅ በልቦለድ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን ደሴ ላይ ቤት ተቀምጦ እንደ ማንበብ የሚጥም ነገር የለም። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎችም የሚበዙት ስለ አንድ ዓይነት ልቦለድ ናቸው፤ ልጁ ልጅ ሆኖ ጀምሮ አዋቂ ሆኖ ስለሚጨርስበት።

ዋና ገጸ ባሕርዩ ወጣት የሆነ ልቦለድ ሁሉ የዕድገት ልቦለድ ይባላል? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሆጤ)

አይባልም። ልጁ በመጀመሪያው ገጽ ያመነውን በመጨረሻውም ገጽ እንዳለ ካመነው፣ ሃያ ዓመት ቢጨመርለትም አላደገም። እኛ «ነፍስ አወቀ» የምንለው ነገር አለ፤ መፈለግ ያለብህ እሱን ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ብዙ ሰው የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርጎ ያነበዋል። አንተ ግን በዛብህን ከሕፃንነቱ ጀምረህ ተከተለው። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል። መንገዱ ገና አፉን ሳይፈታ በሌላ ሰው ቃል ተወስኗል። ሲያድግ ልቡ ሌላ ይለዋል። በስለቱና በልቡ መካከል ሲጨነቅ ያን ጊዜ ነፍስ እያወቀ ነው።

የ15 ዓመት ልጄ አባቷን ስለምትፈራ ልጅ የሚያወራ «ፐርፕል ሂቢስከስ» የሚባል መጽሐፍ ይዛለች። አመል እንዳያስተምራት ፈራሁ። ልንጠቃት? (እናት፣ ከሰኞ ገበያ)

እትዬ፣ እባክዎ አይንጠቋት። የናይጄሪያዊቷ የቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼ መጽሐፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ። የካምቢሊ አባት ለድሃ እጁ የተፈታ፣ ሰው የሚያከብረው ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ ግን በሃይማኖት ስም ልጆቹን ይደበድባል። ልጅቷ አክስቷ ቤት ስትሄድ ሰው እየሳቀ እንደሚበላ ታያለች። ታሪኩ ንቀት አያስተምርም። ወላጅ ሰው መሆኑን ነው የሚያሳየው።

እኔ 14 ዓመቴ አካባቢ አባቴን ፒያሳ አንድ ሱቅ በር ላይ አንገቱን ደፍቶ ዱቤ ሲለምን አየሁት። እስከዚያ ቀን አባቴ የሚያቅተው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ዞር ብዬ በሌላ መንገድ ሄድኩ። አላነሰብኝም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲያ ነው ከልቤ የወደድኩት። ማየቴን ግን ነግሬው አላውቅም።

ልጅዎ ስትጨርስ እርስዎም ያንብቡት። ከዚያ ቡና አፍልተው ያውሩበት። በረካው ሳይደርስ ብዙ ነገር ትነግርዎታለች።

የግድ ፍቅር ይኑርበት? (ከፒያሳ)

የግድ አይደለም። የጓደኛ ክህደት፣ የቤተሰብ ሞት፣ ችግርም ያሳድጋል። ፍቅር የሚበዛው በዚያ ዕድሜ ስለሚበዛ ነው።

ልጆቹ ለምን ሁልጊዜ አገራቸውን ጥለው ይሄዳሉ? እኔ ከኮምቦልቻ የማይርቅ ልጅ ታሪክ እየጻፍኩ ነው። (የፋብሪካ ሠራተኛ)

አብሽር ወንድሜ፣ ጻፈው! መሄድ የሚያስፈልገው የለመዱትን ቤት ከሩቅ ለማየት ነው። ሩቅ ለመሆን ደግሞ ባሕር መሻገር አያሻም። ልጅህን አንድ ቀን ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት አውጣው። ደሴ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። በኮምቦልቻ ሙቀት በቲሸርት ተነስቶ ደሴ ላይ ብርዱ ያንቀጥቅጠው። ማን ጋቢ ያለብሰዋል? ማንስ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል? ማታ ሲመለስ እናቱ በር ላይ ስትጠብቀው ከጠዋቱ የተለየች ትመስለዋለች? አደራ የምልህ አንድ ነገር ነው፦ «በዚያ ቀን ትልቅ ሰው ሆነ» ብለህ እንዳትጽፍ። አንባቢው ራሱ ይድረስበት።

መጨረሻው ላይ ባለታሪኩ ካልተሳካለት አደገ ይባላል? (መምህር፣ ከደሴ)

ጋሼ፣ እኔ ይባላል ባይ ነኝ። የኬንያዊውን የንጉጊ ዋ ቲዮንጎን «ዊፕ ኖት፣ ቻይልድ» (እ.ኤ.አ. 1964) ያስታውሱ። ንጆሮጌ ትምህርት ቤተሰቡንም አገሩንም ያድናል ብሎ ያምናል፤ እኛም ስንቶቻችን እንዲህ እየተባልን አደግን። ኬንያውያን በእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ላይ ያመፁበት የማው ማው ዘመን መከራ ሲመጣ ግን ትምህርቱ ይቋረጣል፤ ቤተሰቡም ይበተናል። ተስፋ ቆርጦ ሊሞት በወጣበት ምሽት የእናቱ ድምፅ ይጠራዋል። አብሯት ወደ ቤት ይመለሳል።

የተሳካለት ነገር የለም። ያንን ልጅ ግን አላደገም ለማለት አፌ አይታዘዘኝም።