የሴት እግር ይማርከኛል፤ ልታከም?

ጥያቄ፦ ባለትዳር ነኝ። የሴት እግር፣ በተለይ በክፍት ጫማ፣ ስሜቴን ያነሳሳዋል። ባለቤቴ ታውቃለች፤ ትስቅብኛለች እንጂ አልከፋትም። የአእምሮ ሕመም ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከጻፍከው ተነስቼ ሕመም አይመስለኝም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለየት ያለ የወሲብ ፍላጎት ብቻውን ሕመም አይደለም፤ ሕመም የሚባለው ቢያንስ 6 ወር ቆይቶ ሰውየውን ክፉኛ ሲያስጨንቀው ወይም ሥራውንና ትዳሩን ሲያናጋበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች መዝገብ ያንተን ዓይነቱን ፍላጎት ራሱን የቻለ ሕመም ማድረጉን ትቷል። "ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል" የሚለው ጭንቀት (እኛ ዘንድ መቼም አይጠፋም) ብቻውን በሽተኛ አያሰኝህም።

ያልፈቀደ ሰው ከገባበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ታክሲ ውስጥ የማታውቃትን ሴት እግር ተደብቆ በስልክ መቅረጽ፣ በግፊያ መሃል መነካካት፣ "ፍላጎቴ ነው" ብሎ ማምለጫ የለውም። ሕፃናት ላይ ያነጣጠረ ስሜት ያለው ሰው ደግሞ ምንም ሳያደርግ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ያነጋግር።

አንተም ያለ እግር ከሚስትህ ጋር መሆን ጭራሽ ካቃተህና ይህ ካስጨነቀህ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ጋ ሂድ፤ የንግግር ሕክምና አለ፣ አንዳንዴም መድኃኒት ይታዘዛል።