የባሕር ኃይል መገንባት ለምን ይከብዳል? ከድሬዳዋና ከሐረር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ያገለገልሁ እንደመሆኔ ለላካችኋቸው ጥያቄዎች የማውቀውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ ጋሼ፣ ገንዘብ ያለው አገር መርከብ ከገዛ በኋላ ምን ያግደዋል?

መልስ፦ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ግዢው ነው። ታይላንድ በስፔን ያሠራችውን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ በ1997 ተረከበች፤ ይሁን እንጂ ጄቶቹ መለዋወጫ አጥተው በ2006 ከአገልግሎት ወጡ። ብራዚል በ2000 ከፈረንሳይ የገዛችው ሳኦ ፓውሎ የተባለ አውሮፕላን ተሸካሚም አብዛኛውን ዕድሜውን በብልሽት ወደብ ላይ ቆሞ ካሳለፈ በኋላ በ2023 ሆን ተብሎ አትላንቲክ ውስጥ እንዲሰምጥ ተደርጓል።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ አንድ መርከብ ባሕር ላይ እንዲኖር ሦስት ያስፈልጋል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በግርድፉ እውነት ነው፤ አንዱ ግዳጅ ላይ ሲሆን ሁለተኛው ሠራተኞቹን ያሠለጥናል፣ ሦስተኛው ይጠገናል። ጨዋማ ውኃ ብረትን ያለ ዕረፍት ይበላል፤ ከውኃ በታች ባለው የመርከቡ አካል ላይም ዛጎል ለበስ የባሕር ፍጥረታት እየተጣበቁ ፍጥነቱን ስለሚቀንሱና ነዳጅ ስለሚያስጨርሱ፣ በየጥቂት ዓመቱ ከውኃ ወጥቶ መፋቅና እንደገና መቀባት አለበት። ይህ ለድሬዳዋ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ባቡሩ ከውጭ ቢመጣም ለአሥርት ዓመታት በሐዲዱ ላይ ያቆዩት የዚህ ከተማ የምድር ባቡር ጥገና ባለሙያዎች ናቸው። እንዲህ ያለ የሠለጠነ እጅ የሌለው አገር ለሻጩ ጥገኛ ሆኖ ይቀራል፤ በእኔ እምነት ከችግሮቹ ሁሉ የከፋው ይኸው ነው።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ የሰው ኃይሉስ?

መልስ፦ የጦር መርከብ አዛዥ በኮርስ ብቻ አይገኝም፤ ከአሥር ዓመት በላይ ባሕር ላይ መብሰል አለበት። ቻይና እንኳ በ1998 ከዩክሬን የተገዛውን ያላለቀ መርከብ ሥራ ላይ ያዋለችው በ2012 ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዋናነት ለሥልጠና ተጠቅማበታለች።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ መልክዓ ምድር ይወስናል?

መልስ፦ በእጅጉ። ጀርመን ከ1898 ጀምራ ታላቅ የጦር መርከብ ኃይል ብትገነባም፣ ወደ ውቅያኖስ መውጫዋ ላይ የእንግሊዝ ደሴቶች ስለተጋረጡባት፣ በሰሜን ባሕር ከተደረገው ከ1916ቱ የጁትላንድ ውጊያ በኋላም የእንግሊዝን የባሕር እገዳ ሰብራ መውጣት አልቻለችም።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ወደብ የሌላት ኢትዮጵያስ?

መልስ፦ የምጽዋና የአሰብ ጣቢያዎች ከእጅ ሲወጡ መርከቦቹ ወደ የመንና ጅቡቲ ተበተኑ፤ ባሕር ኃይሉም በ1996 ፈረሰ። በ2018 እንደገና የማቋቋም ዕቅድ ይፋ ሲሆን ከልብ ተደስቻለሁ፤ ሆኖም ቋሚ ጣቢያ እስኪገኝ ድረስ ቀድሞ መዘጋጀት ያለበት ባለሙያው ነው።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ወጣት ልጅ ከየት ይጀምር?

መልስ፦ ልጄ፣ በባሕር ዳር ለመካኒካልና ለኤሌክትሪካል ምሕንድስና ምሩቃን የሚሰጥ የመርከብ ባለሙያነት ሥልጠና አለ፤ ሠልጣኞቹ በውጭ ኩባንያዎች የንግድ መርከቦች ላይ ይቀጠራሉ።