«ይከላከል» ማለት ተፈረደበት ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ወንድሜ በስርቆት ተከሶ አዳማ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው ሲያልቁ ዳኛው «ይከላከል» አሉ። እናታችን «አለቀለት» ብላ እያለቀሰች ነው። ለጠበቃ አቅም የለንም፤ እሱም አፋን ኦሮሞ አይሰማም። ምን እናድርግ?
እኅቱ ነኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦ አላለቀለትም። «ይከላከል» በክርክሩ መካከል የሚሰጥ ብይን እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ካልተስተባበለ ለጥፋተኝነት ይበቃል ማለት ነው፤ ባይበቃ ኖሮ ወንድምዎ መከላከያ ሳያቀርብ በነፃ ይሰናበት ነበር። ዝም ካለ ግን አደጋ አለው።

የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው። በስርቆት ክስ ዕቃው የሌላ ሰው መሆኑን፣ ወንድምዎ መውሰዱን፣ የማይገባ ብልጽግና ለማግኘት አስቦ መሆኑን ማስረዳት አለበት። መከላከያ ከእነዚህ አንዱን ካናጋ ይበቃዋል፤ ሌባው ማን እንደሆነ ማሳየት አይጠበቅበትም። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «ጨዋ ልጅ ነው» የሚሉ አሥር ጎረቤቶች ይሰበስባል። በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ አብሮት የነበረ አንድ ሰው ከአሥሩ ይበልጣል። ምስክሮቹን በዝርዝር ሲያስመዘግብ እያንዳንዱ ምን እንደሚያስረዳ ይጥቀስ፤ በፈቃዱ የማይመጣ ካለ ፍርድ ቤቱን መጥሪያ ይጠይቅ። ቃል አታስጠኗቸው። ዐቃቤ ሕጉ በመስቀለኛ ጥያቄ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን አጠገብ እንደቆመ ሲጠይቅ የተጠና ቃል ቶሎ ይፈርሳል። አንዱ ሲመሰክር ሌላው ችሎት ውስጥ አይቀመጥ።

ወንድምዎ ራሱም ቃሉን መስጠት ይችላል። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ተከሳሹ በሚሰጠው ቃል ላይ ዐቃቤ ሕግ መስቀለኛ ጥያቄ አያቀርብበትም፤ ዳኛው ግን ግልጽ ያልሆነውን ሊጠይቁ ይችላሉ።

ስለ ጠበቃ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የመክፈል አቅም ለሌለውና ያለጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይላል። በዚሁ አንቀጽ ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ለሚካሄድበት ሰው በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመደብለታል። ሁለቱንም በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ የመከላከያ ምስክር ሳይሰማ፣ በቃል ጠይቆ መዝገብ ላይ ያስጽፍ። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ያለ አስተርጓሚ ተሰምተው ከሆነ ይህንንም ያስመዝግብ፤ ለይግባኝ የሚጠቅመው መዝገብ ላይ የሰፈረው ነው። የሚመደበው ተከላካይ ጠበቃ መዝገቡን ገልብጦ የምስክሮቹን ቃል እስኪያነብ ጊዜ ይጠይቅ፤ ዕለቱን ተመድቦ ዕለቱን የሚከራከር ጠበቃ ከስም ያለፈ ጥቅም የለውም።

ሽማግሌ ወደ ባለንብረቱ ለመላክ አስባችሁ ይሆናል። ዐቃቤ ሕግ ግን የባለንብረቱ ጠበቃ አይደለም፤ እርቅ ስለወረደ ብቻ ክሱ አይቆምም።