ኤጀንሲ ልኮኝ ፋብሪካ ብገባ ለደህንነቴ የሚጠየቀው ማን ነው?

ሰሞኑን የሚደርሱን ጥያቄዎች በብዛት አሜሪካ ውስጥ በሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ በኩል መጋዘንና ፋብሪካ ከገቡ ወገኖቻችን ናቸው። ዛሬ ሦስቱን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ኤጀንሲ ምግብ የሚያሽግ ፋብሪካ ላከኝ። በመጀመሪያው ቀን ጓንት ሰጡኝና ኮንቬየሩ፣ ማለትም ካርቶን የሚያጓጉዘው ማሽን፣ ጋ አቆሙኝ። ካርቶን ሲሰነቀር አጠገቤ ያለችው ልጅ ማሽኑ እየሄደ እጇን አስገብታ ታወጣዋለች። ሱፐርቫይዘሩ እኔም እንደሷ እንዳደርግ በምልክት አሳየኝ። ፈራሁ። ኤጀንሲው ጋ ስደውል «እሱ የፋብሪካው ጉዳይ ነው» አሉኝ፤ ፋብሪካው ደግሞ «አንቺ የኤጀንሲው ሠራተኛ ነሽ» ይለኛል። ታዲያ እኔ የማን ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። እጅሽን እንዳታስገቢ።

ሠራተኝነትሽ የሁለቱም ነው። ኦሻ፣ ማለትም የሥራ ቦታ ደህንነትን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ በኤጀንሲ ለሚላክ ሰው ኤጀንሲውም ፋብሪካውም በጋራ ኃላፊ ናቸው ይላል። በ2013 ደግሞ በጊዜያዊ ሠራተኞች ላይ ያተኮረ ዘመቻ የጀመረው ጊዜያዊ ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ ገና በመጀመሪያ የሥራ ቀኖቻቸው፣ ሥራ ላይ ሞቱ የሚል ሪፖርት ስለበዛ ነው። ኤጀንሲው ሰው ከመላኩ በፊት ቦታው ላይ ምን አደጋ እንዳለ የመጠየቅ ግዴታ አለበት፣ «አላውቅም» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ፋብሪካው በበኩሉ ማሽኑን የሚያውቀው እሱ ስለሆነ፣ ለቋሚ ሠራተኛው የሚሰጠውን ሥልጠናና መከላከያ ላንቺም መስጠት አለበት። ሥልጠናው ደግሞ በሚገባሽ ቋንቋ መሆን አለበት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አቅርቦ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ማለት ሥልጠና አይደለም።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ፣ ምክንያቱም ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። በ2012 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ጃክሰንቪል ከተማ፣ አንድ የ21 ዓመት ወጣት በኤጀንሲ ተልኮ የመጠጥ ፋብሪካ ገባ። በመጀመሪያው የሥራ ቀኑ፣ ሸቀጥ ፓሌት ላይ የሚደረድረው ትልቅ ማሽን ሥር ገብቶ የተሰበረ ጠርሙስ እያጸዳ ሳለ ሌላ ሠራተኛ ማሽኑን አስነሳው። ልጁ እዚያው ሞተ። ማሽኑ ተዘግቶ ቢቆለፍ ኖሮ ማንም ሊያስነሳው ባልቻለ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውስጡ እጅ ወይም ሰውነት የሚገባበት ማሽን መጀመሪያ ይቆማል። ቀጥሎ ኃይሉ ከምንጩ ይቋረጣል፤ መብራት ብቻ አይደለም፣ የታመቀ አየር ወይም ተንጠልጥሎ የቀረ ክብደት ካለም ጭምር። ከዚያ ማቋረጫው ላይ የእውነት ቁልፍ ይንጠለጠላል፣ መክፈቻው የሚቀመጠውም ሥራውን በሚሠራው ሰው ኪስ ነው። በመጨረሻ ማስነሻው ተነክቶ፣ ማሽኑ አለመነሳቱ ይረጋገጣል። ይህን እንዲያደርግ ያልሠለጠነ ሰው ማሽን ውስጥ መግባት የለበትም። ቀዩን የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ መጫን ብቻውን አይበቃም፣ ሌላ ሰው መልሶ ሊያስነሳው ይችላላ። ስለዚህ ካርቶን ሲሰነቀር ያንቺ ድርሻ ማስቆምና የሚመለከተውን ሰው መጥራት ነው። ቀዩ ማቆሚያ የት እንዳለ ነገ ሥራ ሳትጀምሪ ጠይቂ።

እምቢ ማለት ይቻላል ወይ ካልሽ፣ ይቻላል፤ ግን አካሄድ አለው። ሕይወት የሚቀጥፍ ወይም ከባድ ጉዳት የሚያደርስ አደጋ ፊት ለፊትሽ ካለ፣ እንዲስተካከል ጠይቀሽ እምቢ ካሉ፣ ተቆጣጣሪ እስኪመጣ ለመጠበቅም ጊዜ ከሌለ፣ ያንን ሥራ አልሠራም ብትዪ ሕጉ ይከላከልልሻል። ጥለሽ ግን አትሂጂ። «ማሽኑ ሲቆም እሠራለሁ፣ ሌላ ሥራ ስጡኝ» በዪና ሂጂ እስኪሉሽ እዚያው ቆዪ። የዚያኑ ቀን ለኤጀንሲው በቴክስት ጻፊላቸው፣ የስልክ ወሬ ማስረጃ አይሆንም። የኦሻ ስልክ 1-800-321-6742 ነው። አስተርጓሚ ጠይቂ፤ ስምሽ ለአሠሪው እንዳይነገርም መጠየቅ ትችያለሽ። የመኖሪያ ወረቀት ያለውም የሌለውም ሰው ጥበቃው እኩል ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 58 ነው። መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየለቀምኩ ስሠራ ሰው ሲጎድል ፎርክሊፍት፣ ማለትም ዕቃ የሚያነሳውን መኪና፣ ንዳ አሉኝ። ኤጀንሲው ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ አሳይቶ ካርድ ሰጥቶኛል። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፣ ጋሼ። የፎርክሊፍት ሥልጠና ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ትምህርት፣ በተግባር መለማመድ፣ ከዚያም እዚያው በሚሠሩበት ቦታ ሲነዱ በሚያውቅ ሰው መገምገም። ግምገማው ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ይደገማል። የቪዲዮው ካርድ የሚሸፍነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የሌላ መጋዘን ልምድም ቢኖርዎት የዚህኛው መሬት ተዳፋት ሊሆን፣ ማሽኑም ዓይነቱ ሊለይ ይችላል። ለሱፐርቫይዘሩ «ግምገማዬን አድርጉልኝና እነዳለሁ» ይበሉት፣ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። መንዳት ሲጀምሩም ቀበቶዎን ይሰሩ። ተቀምጠው የሚነዱት ፎርክሊፍት ወደ ጎን ከተገለበጠ ዘልዬ ልውረድ እንዳይሉ፤ ብዙ ሰው የሚሞተው ሲዘል ከላይ ያለው ብረት ስለሚጫነው ነው። መሪውን ጨብጠው፣ እግርዎን ተክለው፣ ከሚወድቅበት በተቃራኒው ጎን ያዘንብሉ።

ጥያቄ፦ እኔም ቨርጂኒያ ነኝ። ከባድ ሳጥን ሳነሳ ወገቤን አለኝ፣ አሁን ጎንበስ ማለት አልችልም። የኤጀንሲው ሰው «ዝም በል፣ ሪፖርት ካደረግክ ሌላ ሥራ አንልክህም» አለኝ። በራሴ ኢንሹራንስ ልታከም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዝም እንዳትል። «ቤት ውስጥ ነው የታመምኩት» ብለህም እንዳትታከም፤ ያ ወረቀት በኋላ ባንተው ላይ ይመጣል። ሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው ወርከርስ ኮምፕ ነው። ኢንሹራንሱን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ኤጀንሲው ነው፣ ጥፋቱ የማን ነው ብሎም አይጀምርም። ቨርጂኒያ ውስጥ ጉዳቱን ለአሠሪ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ለስቴቱ የወርከርስ ኮምፕ ኮሚሽን ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ማመልከት ያስፈልጋል። ለኤጀንሲው መንገርህ ለኮሚሽኑ እንዳመለከትክ አይቆጠርም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። አሠሪው ቢያንስ ሦስት ሐኪሞች ያሉበት ዝርዝር ሊሰጥህ ይገባል፣ ከዚያ የምትመርጠው አንተ ነህ።

ዛሬውኑ ለኤጀንሲውም ለመጋዘኑም ጻፍ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን ስታነሳ እንደሆነ፣ አጠገብህ ማን እንደነበረ። ፎቶ አንስተህ አስቀምጥ። ያ ሰውዬ ያስፈራራህ በቴክስት ከሆነ እንዳታጠፋው። ሪፖርት በማድረግህ ሥራ ቢከለክሉህ ያ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው፤ ለኦሻ በ30 ቀን ውስጥ ካመለከትክ ቀነ ገደቡ አያልፍብህም።