ደሴ ላይ ሆነን እስፔንን ስናስብ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ከደሴ ነው ምጽፍላችሁ። የልጆቼ አባት ታሪክ ሲያስተምር ኖሮ ዘንድሮ ጡረታ ወጣ፣ ውጭ ያለችው ልጃችን ደሞ እስፔንን በግሩፕ ቱር እዩ ልከፍልላችሁ አለች። የላከችው ፕሮግራም በ8 ቀን ማድሪድ፣ ሴጎቪያ፣ ቶሌዶ፣ ኮርዶባ፣ ሴቪያ፣ ግራናዳ እና ባርሴሎና ይላል። እኔ ጉልበቴን ያመኛል፣ እሱ ደሞ የግራናዳውን ቤተመንግስት አልሃምብራን ካላየሁ እያለ ነው። እንሂድ ወይስ ይቅርብን? ሰላትስ እዛ እንዴት ነው?

መልስ፦ አብሽሩ እናቴ፣ ሂዱ። ሚቀር ነገር ካለ ባርሴሎና ይቅር፣ ከግራናዳ በጣም ሩቅ ነው። 8 ቀን ለ7 ከተማ ማለት ቀኑን ባስ ላይ መጨረስ ነው፣ እኔ እንዲህ ባለ ቱር ሄጄ ኮርዶባ ላይ አንድ ሰአት ተኩል ብቻ ሰጡን፣ ግማሹ በሰልፍ አለቀ፣ የታላቁን መስጊድ አምዶች ቀና ብዬ በደንብ ሳላያቸው ወጣሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ለልጅዎ ኮርዶባ ላይ ሚያሳድር ቱር ፈልጊ በሏት።

ለምን ካሉኝ፣ የኮርዶባው መስጊድ በፈረንጆቹ 785 አካባቢ በከተማዋ ገዥ በቀዳማዊ አብዱረህማን ተጀምሮ 200 አመት ያህል እየሰፋ የሄደ ነው፣ ዛሬም ከ850 በላይ አምድ ቆሞበታል። ላሊበላ ከአንድ አለት ወደ ታች ተፈልፍሎ ነው የወጣው፣ ይሄኛው ደሞ ተለቃቅሞ ነው የተሰራው፣ የመጀመሪያዎቹ አምዶች ከፈረሱ የሮማና የቪሲጎት (ከሙስሊሞቹ በፊት እስፔንን የገዙት) ህንፃዎች የመጡ ናቸው። አጭር ስለነበሩ ጣሪያው ዝቅ እንዳይል ግንበኞቹ በቅስቱ ላይ ሌላ ቅስት ደረቡበት፣ ቀይ ጡብና ነጭ ድንጋይ እያፈራረቁ። 1236 ላይ ከተማዋን ክርስቲያኑ ንጉስ ፈርናንዶ 3ኛ ሲይዛት ቤተክርስቲያን ሆነ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደሞ መሀሉን ከፍተው ካቴድራል አቆሙበት። የወሎ ሰው መስጊድና ቤተክርስቲያን ጎን ለጎን ማየት ብርቁ አይደለም፣ አንዱን በአንዱ ሆድ ውስጥ ማየት ግን ሌላ ነው፣ እኔን ዝም ነው ያሰኘኝ። ዛሬ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ስለሆነ ውስጡ መስገድ አይፈቀድም፣ ይሄን ለባለቤትዎ ከወዲሁ ይንገሯቸው፣ እዛ ደርሰው እንዳይከፋቸው። ግራናዳ ላይ ግን አልባይሲን ሚባለው ሰፈር በፈረንጆቹ 2003 የተከፈተ መስጊድ አለ፣ ከግቢው አልሃምብራ ፊት ለፊት ይታያል፣ ጁምአን እዛ ብታደርጉት እንዴት ደስ ይላል።

አልሃምብራ ቀይዋ ማለት ነው፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጀመረች ናስሪድ የሚባሉት የሙስሊም ነገስታት መቀመጫ፣ 1492 ግራናዳ በክርስቲያኖቹ እጅ እስክትወድቅ። ባለቤትዎ ቂርአት የቀሩ ከሆነ ከጋይዱ ይልቅ ግድግዳውን ያዳምጡ፣ «ወላ ጋሊበ ኢለላህ» ሚለው ጽሁፍ፣ ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም፣ በየቦታው ተደጋግሞ ተቀርጿል፣ አንዴ ካወቁት በኋላ አይንዎ ራሱ እየፈለገ ያገኘዋል። ግን አንድ ነገር በደንብ ይጠይቁ፣ ቲኬቱ የናስሪድ ቤተመንግስቶችን ይጨምራል ወይ? የአትክልቱንና የምሽጉን ብቻ ሚያሳይ ቲኬት አለ፣ በሱ ከሄዳችሁ ዋናውን ሳታዩ ነው ምትመለሱት። ቤተመንግስቶቹ ሚገቡት በተሰጠው ሰአት ነው፣ ቲኬቱም በስም ስለሆነ ፓስፖርት ይጠየቃል። የኛ ሰው ስም ደሞ በላቲን ፊደል አስር አይነት ይጻፋል፣ መሀመድን ብቻ ያስቡት፣ ስለዚህ ልጅዎ ፓስፖርቱን እያየች ትሙላው።

ለጉልበትዎ፣ ቶሌዶ ኮረብታ ላይ ነች ግን ከታች ወደ ላይ ሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ደረጃ አላት፣ መንገዷ ድንጋይ ስለሆነ ጫማው ይታሰብበት። የሴቪያው ሂራልዳ የድሮ ሚናራ ነው፣ ከሞላ ጎደል በደረጃ ፋንታ 35 ተዳፋት ነው ያለው፣ ሙአዚኑ በፈረስ እንዲወጣ ነው ይባላል፣ ቢሆንም ዳገት ዳገት ነው፣ እርስዎ ታች አረፍ ብለው ይጠብቋቸው። ሴጎቪያ ላይ የሮማኖቹ የውሃ መስመር ያለ ሲሚንቶ በድንጋይ ብቻ እንደቆመ አለ፣ እሱን ከታች ሆኖ ማየት ይበቃል።

ሀምሌና ነሀሴ አትሂዱ፣ ኮርዶባና ሴቪያ ከ40 ዲግሪ ያልፋሉ፣ ኮምቦልቻ ሞቃት ነች ለሚል የደሴ ሰው ከባድ ነው። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ጥሩ ነው። ለቪዛው ቢያንስ 30,000 ዩሮ ሚሸፍን የጉዞ የህክምና ኢንሹራንስ ይጠየቃል፣ ለኢትዮጵያውያን መልሱ እስከ 45 ቀን ሊቆይ ስለሚችል ማመልከቻውን ሰኔ ላይ አስገቡት።