መልስ፦ ስልክ ከገዛንላቸው ወዲህ እናታችን ይበልጥ ከፍቷቸዋል

የ74 ዓመት እናትዎ ዘመናዊ ስልክ ከተገዛላቸው ወዲህ «እኔ አልችልበትም» እያሉ ማኩረፍ እንደ ጀመሩ ጽፈው፣ መልሰን እንውሰድባቸው ወይ ብለዋል። አይውሰዱባቸው።

መጀመሪያ ጣታቸውን ይመልከቱ። የስልኩ መስታወት ንክኪን የሚለየው ቆዳ ኤሌክትሪክ በማስተላለፉ ነው፤ በዕድሜ የደረቀ ጣት ይህን በደንብ አያደርግም። አባቴ ጥሪ ለማንሳት አረንጓዴውን ምልክት ደጋግመው ሲወጉት፣ እኛ ከኋላ ቆመን «ቀስ ብለው ይንኩት» እያልን እናሳቅቃቸው ነበር። እጃቸውን ቅባት ሲቀቡ ነገሩ ቀለለ። ፊደሉን ያተልቁላቸው፤ የጥሪውንም ድምፅ ወፍራም ያድርጉት፣ ጆሮ በእርጅና ቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነውና።

ከዚያ ስልኩን ከእጃቸው አይንጠቁ። እርስዎ በሁለት ሰከንድ የሚጨርሱትን እሳቸው በሁለት ደቂቃ ይጨርሱት። ለአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ይማሩ፤ እሱም መደወል ይሁን። ደዋይ መሆን ተደዋይ ከመሆን የተለየ ክብር አለው።

ከቪዲዮ ጥሪ ግን ተአምር አይጠብቁ። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ግምገማ በመጦሪያ ቤቶች የሚኖሩ 201 ሰዎችን ያካተቱ 3 ጥናቶችን ብቻ አግኝቶ፣ ብቸኝነትን ስለ መቀነሱ ማስረጃው እጅግ ደካማ ነው ብሏል። እኔም የምደውለው በማልሄድበት ቀን ነው።

ኩርፊያው ከስልኩ ውጭም ከቀጠለ፣ እንቅልፍና ምግብ ካስጠላቸው፣ ሐኪም ይያቸው።