ሰዓቱን ያወቀ አይቸገርም፦ ስለ ዊምብልደኑ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ላቀረባችኋቸው ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ለንደን፣ ዊምብልደን ውስጥ ያለውን የታይላንድ ቡድሂስት ቤተ መቅደስ ከእህቴ ጋር ልናይ አስበናል። ባዶ እጃችንን መሄድ ከበደን። ምግብ ሠርተን ብንወስድ ይቀበሉናል? በስንት ሰዓትስ እንድረስ? (ሔ. መ.)

መልስ፦ ይቀበሏችኋል፤ ብቻ ሰዓቱ እንዳያመልጣችሁ። የዚህ ቤተ መቅደስ፣ የቡድሃፓዲፓ፣ መነኮሳት በታይላንድ የተለመደው የቡድሂዝም ዘርፍ የቴራቫዳ ሥርዓት ተከታዮች ናቸው። በዚህ ሥርዓት መነኩሴ ከቀትር በኋላ እስከ ማግስቱ ንጋት እህል አይቀምስም፤ በእጁ የተቀበለውን ምግብ አሳድሮ መብላትም ክልክል ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ይዛችሁ የምትመጡት ምግብ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ለእነሱ አይሆንም።

በታይ ገዳማት ምሳ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዞች አቆጣጠር 11 ሰዓት ገደማ ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ 5 ሰዓት መሆኑ ነው። በስልክ «11» ሲሏችሁ በእኛ አቆጣጠር ከወሰዳችሁት ስትደርሱ ይመሻል። ዕቃ አውጥቶ ለማቅረብ ጊዜ እንዲኖራችሁ በእኛ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ፤ ከዋዜማው ደውሎ ማረጋገጥም አይከፋም።

አሰጣጡ ራሱ ወግ አለው። ምግቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ዞር ማለት እንደ መስጠት አይቆጠርም፤ ሰው በእጁ ያላቀረበለትን መነኩሴው ሊበላው አይችልም። ክንድ በሚደርስበት ርቀት ተንበርክካችሁ ሳህኑን በሁለት እጅ ከፍ አድርጋችሁ አቅርቡ። ሰጪው ወንድ ከሆነ መነኩሴው በእጁ ይቀበለዋል። እናንተ ሴቶች ስለሆናችሁ ግን ፊቱ ጨርቅ ይዘረጋና ጫፉን ይይዛል፤ ሳህኑን እዚያ ላይ ታኖራላችሁ። ይህ ንቀት እንዳይመስላችሁ፤ መነኩሴ ሴትን እንዳይነካ ሥርዓቱ ስለሚከለክለው ነው። ለመጨበጥም እጅ አትዘርጉ። አንዴ ከሰጣችሁ በኋላ «ትንሽ ላስተካክለው» ብላችሁ ሳህኑን ከነካችሁት እንደገና መቅረብ አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጥሬ ሥጋና የአልኮል መጠጥ አይወሰድም። የበሰለ ሥጋ ግን እንስሳው ለእነሱ ተብሎ ካልታረደ ይበላሉ። መነኮሳቱ ካነሱ በኋላ የተረፈውን ምእመናን አብረው ስለሚቋደሱ፣ ጾም ላይ ከሆናችሁ ምን እንዳለበት ሳትጠይቁ አትቁረሱ። ገንዘብ ለመስጠት ካሰባችሁ በመነኩሴ እጅ ሳይሆን በሙዳየ ምጽዋቱ ይግባ።

ለመንገዱ፦ ከዊምብልደን ባቡር ጣቢያ ወደ ፑትኒ ብሪጅ የሚሄደውን 93 ቁጥር አውቶቡስ ይዛችሁ ፓርክሳይድ ላይ፣ ካሎን ሮድ አጠገብ ውረዱ። ቀሪው የእግር መንገድ ነው። የለንደን አውቶቡሶች ከ2014 (በእነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ ስለማይቀበሉ የባንክ ካርድ ወይም ኦይስተር የሚባለውን የለንደን የትራንስፖርት ካርድ ያዙ።

ጥያቄ፦ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነኝ። ገብቼ ሳልሰግድ ብወጣ እንደ ድፍረት ይታይብኛል? (ተ. ገ.)

መልስ፦ አይታይብዎትም። እነሱ ሦስት ጊዜ የሚሰግዱት ለቡድሃ፣ ለትምህርቱና ለመነኮሳቱ ማኅበር ነው፤ ሦስት የዕጣን እንጨት የሚያበሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከእንግዳ ይህን የሚጠብቅ የለም። ሌላው ሲሰግድ ከኋላ በኩል ጸጥ ብሎ መቀመጥ በቂ ነው።

የሚያስነውረው እግር ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ለእኛ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ደፍ ግን ይሻገሩታል እንጂ አይረግጡትም። ሲቀመጡ ውስጥ እግርዎ ወደ ሐውልቱም ሆነ ወደ መነኮሳቱ እንዳይዞር ሁለቱንም እግር አጥፈው ወደ አንድ ጎን ያድርጓቸው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከታች ያለው እግር ይደነዝዛል፤ እጅዎን ምንጣፉ ላይ ተደግፈው ቀስ ብለው ወደ ሌላው ጎን ይቀይሩ። ጉልበት የሚያምዎት ከሆነ ወንበር ይጠይቁ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ ወለሉ ሊቀዘቅዝ ስለሚችል ወፍራም ካልሲም ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ግድግዳው ላይ የቀድሞዋ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ተስለዋል የሚባለው እውነት ነው? (ዳ.)

መልስ፦ እውነት ነው፤ እማሆይ ቴሬሳም አሉበት። ዋናው ቤተ መቅደስ፣ በታይ አጠራር ኡቦሶት፣ ተሠርቶ ያለቀው በ1982 (በእነሱ አቆጣጠር) ሲሆን ሥዕሉ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሥራውን የመሩት ቻለርምቻይ ኮሲትፒፓትና ፓንያ ቪጂንታናሳርን ናቸው። ቻለርምቻይ በኋላ በታይላንዷ ቺያንግ ራይ ውስጥ ነጩን ቤተ መቅደስ የሠራው ሠዓሊ ነው። በጥንቱ የታይ አሣሣል የቡድሃን ሕይወት እየተረኩ በመሃሉ የዘመናቸውን ሰዎች ጣል አድርገዋል፤ ስለዚህ የተሳሉትን ፊቶች አንድ በአንድ እያዩ፣ ሳይቸኩሉ ይዙሩ። ሰው እየጸለየ ከሆነ ፎቶ አያንሱ፤ በሌላ ጊዜም መጀመሪያ ያስፈቅዱ።

ሲወጡ በሕንፃው ዙሪያ የቆሙትን ድንጋዮችም ልብ ይበሉ። ጌጥ አይደሉም፤ የተቀደሰውን ቦታ ወሰን የሚያመለክቱ ናቸው፤ ምንኩስና የሚሰጠውም በዚያ ወሰን ውስጥ ነው። ልጆች ይዘው ከሄዱ እንዳይወጡባቸው ይጠብቋቸው። የግቢው በር ተከፍቶ የኡቦሶቱ ሊቆለፍ ስለሚችል፣ ሥዕሉን ብለው ከሆነ የሚሄዱት ሲደውሉ ስለ ኡቦሶቱ ለይተው ይጠይቁ።